በሰም ክር የተሰፋ ቅርጫት

— ሄሎ?… ሄሎ፣ ማን ልበል?… ውይ፣ አንተ ነህ እንዴ! ቆይ፣ አፌ ስፒል ይዟል… እህ፣ አወጣሁት። በል ንገረኝ ወንድምዓለም፣ ሻምበል ተሠራልኝ?

— አልተሠራም?

— «አይቻልም» ማለት ምን ማለት ነው? እንዲህ የሚባለው ለሞተ እኮ ነው። ሞተ? ድመቴ ሞቶ ከሆነ ሞተ በለኝና ልቀመጥ… ደህና ነው? ደህና ከሆነ ታዲያ ምኑ ነው የማይቻለው?

— ምን? አልሰማሁህም፤ የስፌት መኪናው ነው የሚጮኸው፣ እግሬን ሳላነሳ ነው የማወራህ… ይኸው አቆምኩት። አሁን ትሰማኛለህ? ድገመው እስቲ።

— ቀድሞ ተኮላሽቷል?… ማን? ሻምበል?

— አንተ ሰውዬ፣ ሰማህ? ሻምበል ቀድሞ ተኮላሽቷል ይላል ወንድሜ!… ምን ያስልሃል? ውሃ ጠጣ።

— አይ፣ አንተን አይደለም፣ ጋሼህን ነው። ዛሬ የጫማ ሱቁን ዘግቶ ቤት ውሏል፤ ወገቤን አመመኝ ብሎ። ወገቡን አሞት የሰው ጫማ ጭኑ ላይ አጋድሞ ተረከዝ ይመታልኛል።

— ስማኝማ ዶክተር። አንተ የእንስሳት ሐኪም ነህ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከቆዳ በታች ስላለው ነገር አልከራከርህም። ግን ትናንት ሌሊቱን ጣሪያ ላይ ቆሞ ሰፈሩን ሲያስነሳ ያደረ ድመት መቼ ነው የተኮላሸው? ራሱን በራሱ ነው?

— ምኑ የለም?… እ… እሱ። ገባኝ ገባኝ፣ አትጥራው… ሁለቱም? ኧረ የፈጣሪ ያለህ! እኔማ ጠዋት ቅርጫት ውስጥ ስከተው፣ መቼም ገልጬ አላየሁለትም፣ ግን አነጋገሩም አረማመዱም የሙሉ ወንድ ነበር። መንገድ ላይ ሊወድቅበት አይችልም?… አትሳቅብኝ! ግራ ገብቶኝ እኮ ነው።

— አንተ ትስቃለህ፣ አከራያችን ደግሞ ዛሬ ማታ ከመንገድ ይገባሉ። የነገርኩህን ረሳኸው? ሊሄዱ ሲሉ የመርዙን ብልቃጥ እኛው መስኮት ደፍ ላይ አስቀምጠው፣ «ስመለስ ይሄ ድመት ካልታከመ በኔ መንገድ አክመዋለሁ» ብለው ነው የወጡት። አልፈርድባቸውም። በራፋቸው ላይ ሸናባቸው፣ ታገሡ። ምንጣፋቸው ላይ ሸናባቸው፣ ታገሡ። ባርኔጣቸው ላይ ሲደርስ ግን ትዕግሥታቸው አለቀ። «ታክሞ መጣ ብለሽ በባዶ አፍ እንዳትነግሪኝ፣ ምልክት አሳዪኝ» ነው ያሉኝ።

— ምልክት አለው? የምን ምልክት?… ጆሮው?

— የግራ ጆሮው ጫፍ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል… አይ፣ አይ፣ አይ። ሻምበል ጆሮው ሙሉ ነው። የሱ ጉዳት አንገቱ ላይ ነው፤ ባለፈው ከድመት ተናክሶ አንተ መግሉን ያወጣህለት፣ «ሌላ እንዲህ ያለ ንክሻ ቢደገም ላይተርፍ ይችላል» ያልከኝ… የለም? ጠባሳውም የለም?

— እንግዲያው እናንተ ጋ ነው የተቀየረው። ዛሬ ሌላ ድመት ገብቷል?… አልገባም? አንድ በቀቀን ብቻ? ይኼ እንኳ በቀቀን አይሆንም።

— ቀለሙስ ምን ይመስላል?… ቀይ፣ ባለ መስመር። እሱስ እሱ ነው። እግሮቹስ?… ነጭ? አራቱም? ካልሲ ያጠለቀ ይመስላል?… ኧረ ሻምበል ካልሲ የለውም!

— ሹፌሩ ነው። እሱ ነው የቀየረው! ጠዋት በጎረቤታችን በባለ ታክሲው ነው የላክሁልህ… ምን ይጠቅመዋል? እኔ ምን አውቃለሁ የሚጠቅመውን! ሰው ድመት ሰርቆ… እሱስ እውነትህን ነው፤ የሚሰርቅ ሰው መች ይተካል።

— ኧረ ክዳኑም እንዳይከፈት አድርጌ ነው የላክሁት። ባለፈው በጭንቅላቱ ገፍቶ ከፍቶት መንገድ ለመንገድ አስሩጦናል እኮ። ስለዚህ ዛሬ ዙሪያውን ሰፋሁበት። አዎ፣ በመርፌ! ሌላው ሰው ያስራል፣ እኔ ሰፋሁ። የማውቀው እሱን ነዋ።

— እንደተሰፋ ነው የደረሰህ? አየህ! ተሰፍቶ ከደረሰ አልተከፈተም፤ ካልተከፈተ ደግሞ ያለው ሻምበል ነው፤ ሻምበል ከሆነ… ኧረ ራሴ ሊፈነዳ ነው። ካልሲውን ከየት አመጣው?

— ምን አልክ? መቀስ እምቢ አለህ?… የኔ ክር? የኔ ክር እኮ በጥርስ ይበጠሳል… በቢላዋ?

— ቆይ። ቆይ፣ ቆይ። ክሩ ምን ዓይነት ነው?… ጥቁር፣ ወፍራም። እጅ ላይ ይጣበቃል? አሽትተው እስቲ… አሽትተው ነው የምልህ!… ሰም ሰም ይላል?

— ስፌቱስ? በአንድ ወገን ነው የሄደው ወይስ ከሁለት ወገን እየተሻገረ?… ተሻግሯል። ቀዳዳው በመርፌ ነው ወይስ በወስፌ?… ሰፋ ያለ ነው። መጨረሻውስ ላይ ቋጠሮው… ተመትቶ ጠፍጥፏል? በመዶሻ እንደተመታ?

— …

— አለሁ። አልጠፋሁም። አንድ ሰው እያየሁ ነው።

— አንተ ሰውዬ፣ ያን መዶሻ አስቀምጥና ቀና በል። ቀና በል እስቲ! የድመት ቅርጫት በጫማ ክር የሰፋው ማን ነው?… በዚህ ሰፈር ክር በሰም የሚያሽ ስንት ሰው አለ?… «ምናልባት ሹፌሩ» ይለኛል ደግሞ! ሹፌሩ ምን ሊያደርግ ነው በሰም የሚያሸው፣ ጎማ ሊሰፋ?

— ሄሎ፣ አለህ? ጋሼህ ነው። አዎ፣ የገዛ ባሌ። እኔ የሰፋሁትን ፈታ፣ ድመት ቀየረ፣ መልሶ ሰፋ! «ታክሲው ድረስ እኔ ላድርስልሽ» ሲለኝ ደግነቱ ገርሞኝ ነበር። ሱቁ መንገዱ ላይ መሆኑን መች አሰብኩ። ወገቤን ብሎ ቤት የዋለውም ለካ ስልኩ ሲጮህ አጠገቤ ለመሆን ኖሯል።

— እና ያን ባለ ካልሲ ከየት አመጣኸው?… የሱቁ? ጨዋው ነው?… ኧረ ጉድ! ወንድሜ፣ ጨዋውን ነው የላከልህ!

— ጨዋውን አታውቀውም? የጋሼህ ሱቅ ውስጥ ቆዳ ክምር ላይ የሚተኛ የጎዳና ድመት ነው። እኔም ዝናውን እንጂ መልኩን አላውቅም። ሻምበልን እናኮላሸው ባልኩ ቁጥር የሚጠቀሰው እሱ ነው። «ወንድ በቢላዋ አይታረምም፤ ጨዋውን አታዪውም? ማንም ሳይነካው አይዞር፣ አይጣላ፣ አይጮህ፣ በየበሩ አይሸና፣ ፀጉሩ ያብረቀርቃል፣ ገላው ሞልቷል። አስተዳደግ ነው!»… አዎ፣ አስተዳደግ ይለኛል! እኔ ነኝ ሻምበልን ያበላሸሁት። «ሙክት ልታደርጊው ነው፤ ከዚያ በኋላ ኀዘን ይገባውና ጥግ ይዞ ይሞታል» ሲለኝ ነው የከረመው።

— ምን?… ማን ነው ያልከው?

— አንተ ራስህ? ጨዋውን?… አምና የጎዳና ድመቶችን ስትሰበስቡ። ጆሮውንም የቆረጥከው አንተ… በማደንዘዣ እንደተኛ፣ ዳግመኛ ተይዞ በከንቱ እንዳይቀደድ፣ ለምልክት። እሺ። እሺ… ቆይ አትናገር፣ ይሄን ለሱ እኔ ሳልነግረው አልሞትም።

— ስማ አንተ ሰውዬ። ጨዋው አምና ተኮላሽቷል። አዎ፣ ያንተው ጨዋው። አስተዳደጉ ይኸው እዚህ ስልክ ላይ ነው ያለው፣ ሰላም በለው!… «አይመስለኝም» ይላል። አይመስለኝም! ዓመቱን ሙሉ ጉያህ አስተኝተኸው ከኋላው አላየኸውም?… እኔማ የሻምበልን አላየሁም፣ አላፍርም እንዴ!

— ጆሮውንም ሱቁን የረገጠ ደንበኛ ሁሉ ሲያየው ኖሯል፤ ጋሼህ ግን ውሻ ነክሶት መስሎት ያስታምመው ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ… ምን?… ጋሼህ የሚለው፣ «ጨዋው እኮ ሲያዝን አይቼው አላውቅም» ነው። አዎ አላዘነም! እኔስ ምን ስልህ ከረምኩ?

— በል ቀልዱ ይብቃ። ሻምበልስ? የት አደረስከው?… ውጭ ነው እንዳትለኝ፤ አከራያችን ማታ ይገባሉ፣ ብልቃጡ መስኮቱ ላይ ነው… ቆይ!

— ወንድሜ፣ ሰማህ? ያ ጩኸት በስልኩ ገባ?… አዎ፣ እሱ ነው፣ የኛው ነው። ከቁም ሳጥኑ ውስጥ ነው… ቁም ሳጥኑ ውስጥ እኮ የሰው ልብስ ነው ያለው! የሙሽራዋ ቀሚስ ነው ያለው!

— ቁልፉን ስጠኝ! ስልኩን ተው፣ አንተ ድመቱን ያዝ! ውጣ! ውጣ አንተ ወሮበላ!… ከላይኛው መደርደሪያ ላይ! በጅራቱ አትያዘው…

— ሄሎ… አለህ?… አዎ። ሸንቶበታል። ጫፉ ላይ ነው፣ ይታጠባል፤ ግን ሽታው፣ ወንድሜ፣ ይሄ ሽታ በስልክ ቢላክ ክሊኒክህን ዘግተህ ትወጣ ነበር… ይተወዋል? ከተሠራ በኋላ?… ወዲያው ባይሆንም፣ በጥቂት ሳምንት። አብዛኞቹ ይተዉታል። ቢሸኑም እንዲህ አይከረፋም… ሰማህ አንተ? ባሽተተ አፍንጫህ መልስልኝ፤ ሙክት ይሻላል ወይስ ይሄ?

— «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ይልሃል… አንተስ ምን ትለዋለህ?… እሺ። ሐኪሙ ምን አለ መሰለህ? ምንኩስና አይደለም ይላል። የመነኮሰ እያማረው ነው የሚተወው፤ ይሄ ግን አምሮቱ ራሱ ይሄድለታል። ከዚያ በኋላ በላ፣ ተኛ፣ ፀሐይ ሞቀ… ምን ትለኛለህ? «እንደ ጨዋው» አለ። አዎ፣ እንደ ጨዋው።

— ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ ወንድሜ፣ ላንተ ገባህ? የራሱ ሱቅ እያለው፣ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ እያለ፣ ለምንድን ነው ቤት ድረስ ተሸክሞ መጥቶ እኔ የምሠራበት ክፍል የሚደብቀው?… ለኔም አልገባኝም። አንተ፣ ሱቅህ ብትተወው እኮ ማንም አይይዝህም ነበር!… «ሱቅ አይሆንም»። ለምን አይሆንም?… ሌላ ምን አለ? ካርቶን ውስጥ?

— ሄሎ፣ አትዝጋው፤ ይሄ ሰውዬ ፊቱ ተለዋወጠብኝ… ቀስ ብለህ ንገረኝ። ማንም አይቆጣህም።

— …

— ያቺ ከሱቁ ጎን ደረጃው ሥር የምትወልደዋ ድመት… እሺ። አዎ፣ ቀይ ቀይ እንደምትወልድ አውቃለሁ፣ የሻምበል ናቸው። ሁሌ ትወልዳለች፣ ከዚያ ይጠፋሉ። እኔ አድገው ሌላ ሰፈር የሚሄዱ ነበር የሚመስለኝ… አልሄዱም?

— የጫማ ካርቶኖቹ…

— ወንድሜ… አለሁ። ቆይ።

— የጫማ ካርቶን ያልቅበት ነበር። እኔ ደግሞ ለመንገደኛ ሁሉ ያድላል ብዬ ስቆጣው ነው የከረምኩት። ለካ ጠዋት ሱቁን ሊከፍት ሲሄድ በራፉ ላይ ያገኛቸዋል። አንዱን መኪና፣ አንዱን ውሻ፣ አንዱ ዓይኑ ተደፍኖ፣ አንዱ እንዲሁ በብርድ። በካርቶን እያደረገ ከሱቁ ጀርባ ሲቀብራቸው ኖሯል። ብቻውን። ለኔ ሳይነግረኝ። እኔ ጋ ሲመጣ እጁን ታጥቦ ነው የሚመጣው፤ ምን አውቄ።

— አላለቀስኩም… የድመቱ ሽታ ነው፣ ዓይን ያቃጥላል።

— ለምን እንደደበቀኝማ… የኛን ቤት ታውቀዋለህ። ይሄን ሁሉ ዓመት ኖረን እማዬ አባዬ የሚለን አልተሰጠንም። በየሐኪም ቤቱ ስንዞር ቦርሳዬን ይዘህልኝ በረንዳ ላይ የቆምከው አንተ ነህ። «ከዚህ ቤት የሻምበል እንኳ አንድ ዘር ይትረፍ ብዬ ነው» ይላል። «አንድ ብቻ አድጎ ባየው፣ ሻምበልን ራሴ ይዤው እሄድ ነበር» ይላል።

— ምን ልበለው? አንተ ተማርክ፣ ንገረኝ፣ ምን ልበለው?… እሺ… እሺ። እንዲያ ብዬ ልንገረው?

— ስማኝ። የሚሞቱት ስለበዙ ነው ይላል። ያቺ ድመት የወለደቻቸውን ሳታሳድግ ሌላ ታረግዛለች፤ ሰውነቷ አልቋል፣ ወተቷ አይበቃም፣ በሽታ ይገባባቸዋል። አንተ ዘር ይትረፍ ያልከው ነው ካርቶን ያስጨረሰህ… እንዲህ አላልክም? ያንተ ለስለስ ያለ ነበር? እኔ እንዲገባው አድርጌ ነው የነገርኩት፣ ባሌ ነው።

— ታዲያ አሁን ሱቅ ያለው ምንድን ነው?… በሕይወት? በሕይወት አለች?

— ወንድሜ! አንዲት ቀይ አለች! ከዚህኛው ወሊድ እሷ ብቻ ቀርታ፣ እናቷም ትታት ሄዳ። ካርቶን ውስጥ፣ ጫማ መወልወያ ጨርቅ ላይ። በጠብታ ወተት ያጠጣታል… የላም ወተት አይሆንም? ስማ፣ ሆዷን ያውከዋል ይላል፣ የድመት ጫጩት ወተት እሱ ጋ አለ… «ጫጩት» አልኩ እንዴ? ግልገል ልበል ምን ልበል፣ ምን አወቅሁ፣ ገባህ አይደል።… ሻምበልን ሱቅ ያልተወውም እንዳይነክሳት ፈርቶ ነው። አየህ፣ አሁን ገባኝ። ማለቴ አልገባኝም፣ ግን ገባኝ።

— አሁን ይዞት ይምጣ? በልቶ ከሆነስ?… አልበላም ይላል፤ ግን ጋሼህን አትመነው፣ ኪሱ ዓሣ ዓሣ ይሸታል… እዚያው ያድርና ጠዋት ይሠራል። ጥሩ። ዛሬ ማታ ብቻ እዚህ ግቢ አይገኝብኝ።

— ለአከራያችንስ ምን ልበል?… ቀስ በል። ይሄን ቢገድሉ ቦታው ክፍት ይሆናል… ያልተሠራ ጎረምሳ ከሌላ ሰፈር መጥቶ ይገባበታል፣ ጩኸቱም ሽንቱም እንደ አዲስ ይጀመራል። የተሠራ ግን ቦታውን ይዞ ይቀመጣል፣ አይጥም ያባርራል… ይሄን እኔ ብላቸው አይሰሙኝም፤ አንተ ማታ ደውልላቸው። ድምፅህ ወፍራም ነው፣ የሐኪም ነው። ብልቃጡን ጋሼህ ይዞልህ ይመጣል፤ እንዴት እንደሚጣል አንተ ታውቃለህ።

— እናትየዋንም? እሺ፣ በሳምንቱ ውስጥ ይዘን እናመጣታለን። እሷስ ትረፍ፣ ደክሟታል… ትንሿስ?… አምስት ስድስት ወር ሲሞላት። ከመጀመሪያው እርግዝና በፊት ከሆነ ከጡት ዕጢም ይጠብቃታል። እስከዚያ ከቤት አትውጣ።

— ሰማህ? አንዷ ትተርፍልሃለች። ግን ጊዜዋ ሲደርስ እሷም ትሠራለች። በሷ ያበቃል።

— አሁን ራሱን ነቀነቀ… በእሺታ ነው። በእሺታ ነው፣ አውቀዋለሁ።

— አንድ ነገር ጠይቂልኝ ይላል። ሻምበል ሲነቃ የሚያውቀው ሰው ድምፅ ቢሰማ ይሻለዋል ወይ… አዎ፣ ልደር ማለቱ ነው። ወንበር አለህ?… ስለ ወገቡ አታስብ፣ ወገቡ ደህና መሆኑን ዛሬ አውቀናል።

— ቅርጫቱ አንተ ጋ ስለሆነ የልብስ ቅርጫቴን ነው የምሰጠው፤ ከላይ ሸራ አልብሼ እንሰፋዋለን። ቆይ… ያዘው፣ የፊት እግሩን ያዝልኝ… ገባ። መርፌዬን አቀብለኝ… አይ፣ ተወው። አንተ ስፋው። በራስህ ክር።

— …

— ሄሎ፣ አለሁ። እያየሁት ነው… ሰም አሸ። ጀመረ… ሻምበል በቀዳዳው እጁን አውጥቶ ክሩን ይጫወትበታል። ምን አውቆ።

— አንተ… ተወው፣ ስፌቱን ትተህ ድመቱን ነው የምታየው፣ ጣትህን ትወጋዋለህ። በቃ፣ ስጠኝ። የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ።

— ይኸው፣ አለቀ። ስማኝ ወንድምዓለም፤ ሲደርስህ መጀመሪያ ስፌቱን እይ። ግማሹ በሰም ክር ነው፣ ግማሹ በኔ ነጭ። እንዲያ ካልሆነ ሌላ ድመት ነውና መልስልኝ… ትንሿማ አልተሰፋችም፤ ከሱቅ አንሥቶ ኮቱ ውስጥ ይይዛታል።

— ነጩን አንተ ቁረጠው፣ ቶሎ ይበጠሳል። የሱን በኩል ግን አትንካበት። እሱ ራሱ ይፍታው… እሺ። በል ወጣ፣ በሩን ልያዝለት። ቻው።